የጢያ መስመርና የሰሌዳው ፊደል

በሶዶ ወረዳ የምትገኘው ቡኢ የጢያ ትክል ድንጋዮች ጎረቤት ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት 36 ሐውልቶች መካከል 32ቱ የጎራዴና የሌሎች ምልክቶች ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ጠራቢው የሳተውን መስመር መመለስ አይችልም ነበርና መዶሻውን ከማንሣቱ አስቀድሞ ማሰብ ግድ ሆኖበታል።

ዛሬ በቡኢም ሆነ በሌሎች ከተሞች ለሚተከል የሱቅ ሰሌዳ ፊደል የሚቀርጸው ባለሙያ እንደ ኮረልድሮውና ኢለስትሬተር ያሉ የቬክተር ፕሮግራሞች ቀርበውለታል። እነዚህ ፕሮግራሞች መስመርን የሚይዙት በነጥብና በስሌት በመሆኑ፣ ለማኅተም የተነደፈው ምስል ሳይደበዝዝ ግድግዳ እስኪያክል ይሰፋል፤ ስሕተትም ወዲያው ይታረማል። ይህ ለሙያው ታላቅ እርዳታ መሆኑ አይካድም።

ይሁን እንጂ ነቀፌታውም የሚመነጨው ከዚሁ ቅለት ነው። ሰሌዳውን ለመሙላት ሲባል ፊደሉ ወደ ጎን ሲለጠጥ ቋሚ እግሮቹ ይወፍራሉ፤ አግድም መስመሮቹ ግን እንደቀጠኑ ይቀራሉ። በዚህም ቁም ጸሐፊው በመቃ ብዕር ጠብቆ ያቆየው ሚዛን ይፈርሳል። ሰፊ ሰሌዳ የሚሻው የተለጠጠ ሳይሆን ለስፋቱ እንደገና የተነደፈ ፊደል ነው። ስለሆነም ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ ፊደልን በእጁ ጽፎ ሳያውቅ በማውስ የሚጎትተው ባለሙያ ነው። የሚታረም መስመርም ቢሆን እንደማይታረም ታስቦበት ሊሠመር ይገባል።