ስሙን የተቀማ ገደል

በኖርዌይ አገር፣ ከሊሰፊዮርድ በላይ 604 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ ገደል አለ። ፊዮርድ የሚባለው የጥንት በረዶ ቈፍሮት ባሕር የገባበት ጥልቅ ሸለቆ ነው። የገደሉም አናት እንደ አትሮንስ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ «ፕሬይከስቶለን» ይኸውም የሰባኪ መድረክ ተባለ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. የወጣው «ሚሽን ኢምፖሲብል፦ ፎልአውት» የተባለው ፊልም የመጨረሻውን ትግል ያሳየን በዚህ ገደል ላይ ነው። የአነሣሡን ጥበብ አንነቅፍም፤ ተመልካችን በእውነት ያስጨንቃል። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ስፍራው ካሽሚር ተብሏል።

መንገድ መሪ ይዘን በወጣን ዕለት የፊልሙ ጉድለት ይልቁን ተገለጠልን። መሪያችን ነገር አላበዛም። ከኔፓል የመጡ ሼርፓዎች ያነጠፉትን የድንጋይ ደረጃ አሳየን፤ ከላይ ስንደርስም የዓለቱን ስንጥቅ በጣቱ አመለከተን፤ ጠርዙ አጥር እንደሌለውም አስጠነቀቀን። 4 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ዳገት ከፍታውን በጉልበታችን አስለካን። የፊልሙ ተጋዳዮች ግን ከገደሉ የሚደርሱት ሄሊኮፕተራቸው ተከስክሶ ነው። ያልተወጣ ከፍታ ያስደነግጣል እንጂ አይታወቅም።

ልብ ወለድ ስም የመለወጥ መብት አለው የሚል ሰው ቢኖር፣ አለው እንላለን፤ ለፈጠረው አገር። ካሽሚር ግን ሕዝብ የሚኖርበት እውነተኛ ምድር ነው። ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ በአንድ ፊልም ሁለት አገሮች ተበደሉ፤ አንዱ ስሙን፣ ሁለተኛው መልኩን ተቀማ።