ነገ ለሚነሣ መንገደኛ

ድንገተኛ ጉዞ ሲታሰብ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የት እንሂድ?» ብሎ ነው። እኔ ሚኒባሴን እየነዳሁ ቤተሰቦችንና ጓደኛሞችን ወደ ደቡብ ሳመላልስ የተማርኩት ግን ከሌላው ጫፍ መጀመርን ነው። ዛሬ ማታ ይህ ሁሉ ሰው ንጹሕ አንሶላ ላይ፣ ኪሱን በማይጎዳ ዋጋ የት ያድራል? ይህ ጥያቄ ከተመለሰ የመነሻው ሰዓት፣ ምሳው፣ የሚታየውና የሚታለፈው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። አልጋ ሳይያዝ የወጣ ዕቅድ የሚፈርሰው አመሻሽ ላይ ነው፤ ልጆች በደከሙበት፣ ሾፌሩ ዓይኑ በከበደበት፣ ያገኙትን ክፍል በተጠሩበት ዋጋ ከመውሰድ ሌላ ምርጫ በሌለበት ሰዓት።

በእኛ አገር ድንገተኛ ጉዞ የቸልተኝነት ምልክት አይደለም። ሰው ዓርብ ፈቃድ መውጣት አለመውጣቱን ሐሙስ ከሰዓት ነው የሚያውቀው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ ቤተሰብ ቀኑ በዘመድ ጥየቃ፣ በሰርግና በለቅሶ ቤት ተይዞበት ይሰነብትና በድንገት ሦስት ነጻ ቀን ያገኛል። ያቺን ሦስት ቀን «አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ» እያሉ ማባከን አይገባም። ሰዉ አገሩን ሊያይ ፈልጎ ደውሏል፤ የእኔ ሥራ በአንድ ምሽት ስልክ መንገዱን ማደላደል ነው።

የቀኑን ሰዓት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እቆጥራለሁ። ፀሐይ በጋም ሆነ ክረምት 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ ያለ መብራት የቆመ ሲኖትራክ፣ ወደ ቤቱ የሚገባ ከብት፣ የአህያ ጋሪ ይጠብቃል። ስለዚህ መኪናዬ 11 ሰዓት ላይ ግቢ ገብቶ መቆም አለበት። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ማልዶ የተነሣ ሰው ዝዋይ ላይ ዓሣ በልቶ፣ ላንጋኖ ወርዶ ውሃ ነክቶም በጊዜ ይደርሳል። አርባ ምንጭ ግን በሻሸመኔ በኩል 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቡታጅራና በሆሳዕና ሲሄዱ ያጥራል። በአንድ ቀን የሚደርስ ይደርሳል፤ እኔ ግን ልጆችና አዛውንት ላሉበት ቤተሰብ ወላይታ ሶዶ ማደርን እመክራለሁ። አንደኛ፣ ሶዶ የመተላለፊያ ከተማ ስለሆነች ብዙ ፔንሲዮን አላት፤ አልጋዋም አብዛኛውን ጊዜ ከአርባ ምንጭ ይረክሳል። ሁለተኛ፣ ሶዶ የሚያድር ሰው በመንገዱ ላይ ጊዜ አለው። በቡታጅራው መስመር መልካ ቁንጡሬንና የጢያን ትክል ድንጋዮች ከዋናው መንገድ ብዙ ሳይርቅ ያያል። ጢያ በ1980፣ መልካ ቁንጡሬ ከባልጪት ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ቀጥታ አርባ ምንጭ ለመድረስ የሚሮጥ ሰው ግን ሁለቱንም በመስኮት ነው የሚሰናበታቸው።

ከአልጋውም በፊት አንድ ጥያቄ አለ፤ መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ይህን ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊመልሰው አይችልም። እኔ የምጠይቀው ዛሬ ከዚያ መስመር የገባ ሾፌርን ነው። መናኸሪያ ሄጄ ወይም ደውዬ «ዛሬ መጣህ? በስንት ሰዓት አለፍክ? የቆመ መኪና አየህ?» እላለሁ። መልሱ ፈጣንና ግልጽ ከሆነ እንሄዳለን። ሾፌሩ ካመነታ፣ «ኧረ ምንም አይልም» እያለ ቃሉን ከጎተተ፣ አቅጣጫ እንቀይራለን። ተሳፋሪዎቼ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን አልደራደርም።

አሁን ወደ አልጋው ልመለስ፤ የሥራዬ ልብ ያለው እዚያ ነውና። የአልጋን ዋጋና መገኘት ከምንም በላይ የሚወስነው የቀን መቁጠሪያው ነው። ሐዋሳና አዳማ የስብሰባ ከተሞች ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሆቴሎቹ በሥልጠናና በወርክሾፕ ተሳታፊ ይሞላሉ፤ ቅዳሜ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲወጣ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። ቢሾፍቱ የዚህ ተቃራኒ ናት፤ ለአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆነች ሳምንቱን ጭር ብላ ትውልና ቅዳሜና እሑድ በቤተሰብና በሙሽራ አጃቢ ትሞላለች። ስለዚህ ቅዳሜ ማታን በቅናሽ ማደር የሚፈልግ ሰው ቅርብ ስለሆነች ብቻ ቢሾፍቱን ባይመርጥ ይሻለዋል፤ ትንሽ ራቅ ያለችው ሐዋሳ ልትረክስ ትችላለች። ሐዋሳም ብትሆን ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል በዓል ስለሆነ በምእመናን ትጨናነቃለች። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ደግሞ ቀኑን አያንቱ የሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው የሚወስኑት ስለሆነ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በዚያ ሰሞን የሚሄድ ሰው ከሐዋሳ ሰው ጠይቆ ይነሣ። በዓሉን ሊያይ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ሻሸመኔ አድሮ ጠዋት መግባት ያዋጣዋል፤ ሁለቱ ከተሞች በጣም ቅርብ ናቸው።

ብዙ ሰው የማያስበው ምረቃን ነው። ሐዋሳ፣ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሮቤ ሁሉም የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ናቸው። ተማሪ በሚመረቅበት ሳምንት ወላጅ፣ አክስት፣ አጎት፣ ጎረቤት ሳይቀር አበባ ይዞ ይመጣል፤ አልጋ ይጠፋል፣ የተገኘውም ዋጋው ይንራል። የመስቀል ሰሞን የጉራጌ መንገድ ሌላ መልክ አለው። ወደ ቡታጅራና ወደ ወልቂጤ የሚሄደው ሰው የሚያድረው በወላጆቹ ቤት ስለሆነ የሚጠፋው መኪናና የመንገድ ቦታ ነው፤ አልጋማ ይገኛል። በዓል ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ያወቀ ሰው ሌላው በሚፈራው ቀን እንኳ በደህና ዋጋ ያድራል።

ጥሩውን ርካሽ አልጋ ለማግኘት የማምነው መንገድ የመስክ ሾፌሮች የሚያርፉበትን መጠየቅ ነው። በድርጅትና በመሥሪያ ቤት መኪና ወረዳ ለወረዳ የሚዞሩት እነዚህ ሰዎች የሚያድሩት በአበል ነው፤ ከአበሉ የተረፈው ለቤታቸው ስለሚሄድ በከንቱ ውድ ክፍል አይይዙም። በሌላ በኩል የቢሮ መኪና በእጃቸው ስለሆነ አጥርና ዘበኛ የሌለው ግቢ አያድሩም። ነገ ረጅም መንገድ ስለሚነዱም ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ የሚያንባርቅበት ቤት አይጠጉም። ርካሽ፣ ጸጥ ያለ፣ መኪና የሚጠበቅበት፤ ቤተሰብም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አንድ ከተማ ስገባ ማታ ላይ የትኛው ፔንሲዮን ግቢ ውስጥ ታርጋቸው የድርጅት የሆኑ መኪኖች እንደተደረደሩ አያለሁ፤ ስሙንና ስልኩን ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ።

ደብተሬ ላይ የሌለ ከተማ ሲሆን ቀድሞ ያለው ከተማ ይመራኛል። ሆሳዕና የማውቃትን እንግዳ ተቀባይ ደውዬ «እህቴ፣ ሶዶ ንጹሕ አልጋ ያለው ሰው ታውቂያለሽ? ቤተሰብ ነው የያዝኩት» እላታለሁ። እሷ የራሷን ስም አስይዛ ነው የምትነግረኝ፤ መጥፎ ቦታ ብትልከኝ ተመልሼ እንደምመጣ ታውቃለች። እነዚህ ቤቶች አብዛኞቹ ስልክ ላይ በሚጫኑ የሆቴል ማስያዣ መተግበሪያዎች ውስጥ የሉም። ያለው የባለቤቷ ስልክ ቁጥርና የሚያውቃት ሰው ምስክርነት ነው።

ይህ ሰንሰለት የቆመው በአደራ ላይ ስለሆነ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ያስያዝነውን አልጋ ካልደረስንበት በጊዜ መደወል ግዴታችን ነው። ስምንት ክፍል ብቻ ያላት ባለ ፔንሲዮን ሦስቱን ለእኛ ብላ ስትይዝ መንገደኛ ትመልሳለች፤ እኛ ሳንነግራት ከቀረን የዚያን ቀን ገቢዋን ወሰድንባት ማለት ነው። ቀብድ ባትጠይቅም ጥቂት ብር በቴሌብር ቀድሜ እልካለሁ። ዋጋም ስደራደር ልክ አለኝ። ለሁለት ሌሊት ወይም ለአራት ክፍል ቅናሽ መጠየቅ ያግባባል፤ አንሶላ ለሚያጥበውና ውሃ በጀሪካን ለሚቀዳው ሰው የሚተርፍ እስከማይኖር ድረስ መጫን ግን ነውር ነው። በርካሽ ማደራችን የሌላ ሰው ድካም ያለ ዋጋ እንዲቀር ማድረግ የለበትም።

ክፍሉን ሳላይ ገንዘብ አልከፍልም። ቧንቧውን እከፍታለሁ፤ ውሃ ከሌለ ግቢው ውስጥ ሮቶ እንዳለ አያለሁ። የፍራሹን ጠርዝ ገልጬ ትኋን እፈልጋለሁ። መስኮቱ ወደ ባሩ ይሁን ወደ ጓሮው እጠይቃለሁ። አርባ ምንጭ ቆላና የወባ አገር ስለሆነ ያልተቀደደ አጎበር የሌለው ክፍል በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም። ባሌ ላይ ፍላጎቱ ይገለበጣል፤ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የሚጠየቀው ተጨማሪ ብርድ ልብስ ነው። ሰነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ በማለዳ ለማየት የሚፈልግ ግን ጎባ ቢያድር ይቀርበዋል።

ስለ አርባ ምንጭ ትንሽ ልጨምር፤ ትምህርቱ ሌላም ከተማ ይሠራልና። ከተማዋ ሁለት ናት ማለት ይቻላል፤ ላይኛው ሸቻ፣ ታችኛው ሲቀላ። ሸቻ ጫፍ ላይ ያሉት ሆቴሎች አባያንና ጫሞን፣ በመካከላቸውም «የእግዜር ድልድይ» የሚባለውን መሬት ቁልቁል ያሳያሉ፤ ዋጋቸውም የዕይታው ነው። ሲቀላ ደግሞ መናኸሪያው፣ ገበያው፣ ርካሹ ፔንሲዮን ያለበት ነው። ተሳፋሪዎቼን ሲቀላ አሳርፍና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ሸቻ ወስጄ ቡና እንጠጣለን። ያን ውብ ነገር ለማየት የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ይበቃል፤ ዓይን ተከድኖ ለሚታደርበት ሌሊት የዕይታ ዋጋ መክፈል ግን አያስፈልግም። በተረፈው ገንዘብ በማግሥቱ ጫሞ ላይ ጀልባ ተከራይተን አዞ እናያለን፤ ወይም ወደ ዶርዜ ወጥተን ከቀርከሃ በተሠራ ቤት ቆጮ በዳጣ እንበላለን።

የብር ቁጥር ያልጻፍኩት አውቄ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የነዳጁም የአልጋውም ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀየር ዛሬ የተጻፈው ሲነበብ አርጅቶ ይገኛል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ የዚያኑ ቀን ዋጋ በስልክ የምጠይቀው። ከውጭ የመጡ ቤተሰቦችን ደግሞ አንድ ነገር አስታውሳለሁ፤ አንዳንድ ሆቴል ለውጭ ፓስፖርት ሌላ ዋጋ አለው። ስንደውል የትውልድ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርዳቸው እንደሚያገለግል ጠይቀን መሄድ በር ላይ ከመከራከር ያድናል። ሁሉም ሰው መታወቂያውን ይያዝ፤ እንግዳ ተቀባይዋ ሳትመዘግብ ቁልፍ አትሰጥም።

ከመኪናው በኩል የማየው ጥቂት ነው። ስኮርቱ ነፍስ እንዳለው፣ ክሪኩ እንደሚሠራ ማታውኑ አረጋግጣለሁ። ነዳጅ ትልቅ ከተማ ላይ እሞላለሁ፤ ትንንሾቹ ከተሞች ላይ ማደያ ሊኖር፣ ቤንዚን ግን ላይኖር ይችላል።

የመመለሻው ቀንም የራሱ ሒሳብ አለው። እሑድ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ የሚገባው መኪና ብዙ ስለሆነ ከሐዋሳ ቁርስ በልቶ 2 ሰዓት ላይ የተነሣና ምሳ በልቶ 8 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው ቤታቸው የሚደርሱበት ሁኔታ አይገናኝም። የሐዋሳው አሞራ ገደል ሄዶ ትኩስ ዓሣ ሳይበላ መመለስ ለማይሆንለት ሰው ቅዳሜ ጠዋት እንዲሄድ እነግረዋለሁ። እሑድን እዚያው መዋል የግድ ከሆነም ዝዋይ ላይ አንድ ርካሽ ሌሊት ጨምረን ሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት ተነሥተን፣ ጎህ ሲቀድ መንገድ እንይዛለን፤ ጠዋት ሥራ ያለበትን ቢሮው በር ላይ አወርደዋለሁ፤ አለቃው ከመግባቱ በፊት።