«አልታየም» የሚለው ቃል በምክር ክፍል ውስጥ

በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የፀረ-ኤችአይቪ ሕክምና ከሚከታተሉ ወገኖች ጋር የሚሠራ የጤና ባለሙያ «ቫይረሱ አልታየም» ብሎ የምርመራ ውጤት ሲናገር፣ ቃሉ በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ሊተረጎም ይችላል። አንዱ ታካሚ «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል፤ ሌላው «ተደበቀ እንጂ አልጠፋም» ብሎ ከትዳር ጓደኛው ይርቃል። ለሁለቱም ስሕተት ተጠያቂው የታካሚው አለመማር ሳይሆን የአነጋገሩ ጉድለት ነው።

ሳይንሱ በዚህ ረገድ አሻሚ አይደለም። ፓርትነር በተባለውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው የአውሮፓ ጥናት፣ አንደኛው ወገን ብቻ ቫይረሱ ያለበት ወደ 900 የሚጠጉ ጥንዶች 58,000 ያህል ጊዜ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ሲፈጽሙ፣ የቫይረሱ መጠን ከ200 ቅጂ በታች ከሆነው ወገን ወደ ጓደኛው የተላለፈ አንድም ኢንፌክሽን አልተገኘም። «ይህ የአውሮፓ ነው» ለሚል፣ ከተሳታፊዎቹ ጥንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አፍሪካውያን የነበሩበት ኤችፒቲኤን 052 የተባለው ጥናትም ወደዚሁ መደምደሚያ ደርሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ቫይረሱ በምርመራ ካልታየ በወሲብ የመተላለፍ ዕድሉ ዜሮ፣ ቢታይም ከ1,000 ቅጂ ካልበለጠ ኢምንት መሆኑን አስታውቋል።

ይህን እያወቁ «ኮንዶም ይተዋሉ» በሚል ስጋት ለታካሚ የማይናገሩ ባለሙያዎች አሉ። ስጋቱ ከበጎ አሳብ የመነጨ ቢሆንም፣ መድኃኒትን ሳያቋርጡ ለመውሰድ የሚያበረታታውን ጠንካራ ምክንያት ይነፍጋል። ዘመድ አዝማድ «ልጅስ?» እያለ የሚያስጨንቃቸው ጥንዶች፣ በሰላም መውለድ እንደሚችሉ ሳይሰሙ ዓመታት ያልፋሉ፤ ትዳርም ይፈርሳል።

በአንጻሩ መፈክሩን ያለ ቅድመ ሁኔታ ማስተጋባትም የዚያኑ ያህል ይጎዳል። የምርመራ ውጤት የሚናገረው ደሙ ስለተወሰደበት ቀን ነው። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ተራሮች የሚመጣ ታካሚ በክረምት ወይም በግጭት ምክንያት መንገድ ተዘግቶበት መድኃኒቱ ቢቋረጥ፣ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ሊያገረሽ ይችላል፤ በእጁ የያዘው የአምናው ውጤት ለትዳር ጓደኛው ዋስትና አይሆንም። ከዚህም ሌላ «ዜሮ» የተባለው ለወሲባዊ ግንኙነት ብቻ ነው። ጡት በማጥባት የመተላለፍ ዕድሉ እጅግ ቢቀንስም ዜሮ አይባልም፤ ቂጥኝን የመሳሰሉ በሽታዎችንም ይህ ሕክምና ከመተላለፍ አያግድም፤ ለእነዚህ ኮንዶም ዛሬም ያስፈልጋል።

ስለዚህ «አልታየም» የሚለው ቃል ብቻውን ሊነገር አይገባም። ለምሳሌ እንዲህ ቢባል የተሻለ ይሆናል፦ «ቫይረሱ አሁንም በሰውነትዎ ውስጥ አለ፤ መድኃኒቱ ግን አስሮታል። እንደታሰረ እስከቆየ ድረስ በግንኙነት ወደ ባለቤትዎ አይተላለፍም። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ይፈታል፤ ስለዚህ ከተቋረጠብዎ ሳይፈሩ ይንገሩን፤ እንደገና መርምረን እስክናረጋግጥ በኮንዶም ይጠቀሙ።» ታካሚው ፈቃደኛ ከሆነም ይህን የትዳር ጓደኛው በተገኘበት መናገር ይመረጣል።

እንዲህ ያለው ምክር የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች የሚድነው ግን የአንድ ሰው ጤና ብቻ ሳይሆን ትዳርም ጭምር ነው።