«የአጥንት ጤና» እና የመለኪያዎቹ ስሞች
በሥጋ ዶሮ ምርምር ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

የሥጋ ዶሮ አጥንት እንዴት እንደሚመረመር የሚያስረዱ የባዕድ ቋንቋ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ተርጓሚውን የሚያሰናክለው በመጀመሪያ እይታ ከባድ መስሎ የሚታየው የላቲን ወይም የግሪክ ስያሜ አይደለም። እርሱን እንዳለ በፊደላችን ጽፎ ትርጉሙን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊያብራራው ይችላል። የሚያሰናክለው ቀላል መስሎ የሚታለፈው ቃል ነው፤ ጤና፣ ጥንካሬ፣ አመድ፣ መለካት። እነዚህን ቃላት ሁላችንም ስለምናውቃቸው ማንም ቆም ብሎ አይመረምራቸውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእነዚህ ጥቂት ቃላት ላይ የተለመደውን አተረጓጎም መመርመርና፣ ጥፋቱ ከተርጓሚው ሳይሆን ከምንጩ ስያሜ የሚመነጭበትንም ቦታ ማመልከት ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ ለመረዳት የዶሮውን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። ከእንቁላል ሲፈለፈል 40 ግራም ያህል የሚመዝን ጫጩት በስድስት ሳምንት ውስጥ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ምርጫ ሳይደረግበት የተጠበቀው ዝርያ በ56 ቀኑ 905 ግራም ሲመዝን፣ የ2005ቱ ዝርያ በተመሳሳይ መኖ 4202 ግራም መዝኗል። አካሉ ዶሮ ያህላል፤ ዕድሜው ግን ገና የጫጩት ነው፤ አጥንቱም እንዲሁ። ይህን ክብደት የሚሸከመው አጥንት ላይ የሚገኘው ቁጥር፣ በመኖ ውስጥ ምን ያህል ፎስፈረስ እንደሚገባ፣ የትኛው ዝርያ ለርቢ እንደሚመረጥ፣ አንድ መንጋ በሥቃይ ላይ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ይወስናል። ስለሆነም የቁጥሩ ስም ከተሳሳተ ውሳኔው አብሮ ይሳሳታል።

ከመለካት እንጀምር። የምንጩ ቋንቋ ለሁሉም አንድ ግስ አለው። አማርኛ ግን በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው፤ ርዝመት ይለካል፣ ክብደት ይመዘናል፣ እህል ይሰፈራል፣ ከብት ይቆጠራል፣ በዓይን የሚታየው ደግሞ ይገመታል። አንድ ገበሬ «ጤፉን ለካሁት» ሲል ብንሰማ፣ መስፈሩን ነው ወይስ መመዘኑን ብለን እንጠይቃለን። ይህን ልዩነት ይዘን ወደ አጥንቱ ምርመራ ስንመለስ፣ በምንጩ ቋንቋ «የአጥንት ጤና መለኪያዎች» ተብለው በአንድ አርእስት የሚሰለፉት ነገሮች ተበታትነው እናገኛቸዋለን። አመዱ ይመዘናል፤ የአጥንቱ ውፍረት ይለካል፤ የመስበሪያው ኃይል በመሣሪያ ይነበባል፤ የዶሮው አካሄድ ግን ይገመታል። ሁሉንም «መለካት» ብሎ ማጠቃለል የቋንቋችንን ጥቅም በፈቃድ መጣል ነው።

የአካሄዱን ጉዳይ ለምሳሌ እንውሰድ። ኬስቲንና ባልደረቦቹ በብሪስቶል እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረቡት አሠራር፣ ዶሮው ሲራመድ ታይቶ ከ0 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል። 0 እንከን የሌለበት አካሄድ ነው፤ 5 ደግሞ ከቶ መራመድ የማይችል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪታንያ 51,000 ዶሮዎች በዚህ ዘዴ ታይተው፣ በአማካይ በ40 ቀን ዕድሜያቸው 27.6 በመቶው ደካማ አካሄድ፣ 3.3 በመቶው ደግሞ መራመድ ሊሳናቸው ጥቂት የቀረው ችግር እንደነበረባቸው ተዘግቧል። እዚህ ላይ «የአካሄድ ልኬት 4» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ 4 የ2 እጥፍ እንደሆነ አንባቢውን ያሳምነዋል። እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ቁጥሩ ተራ ነው እንጂ መጠን አይደለም። ትክክለኛው ስያሜ «የአካሄድ ደረጃ» ሲሆን ግሱም «መመደብ» ሊሆን ይገባዋል። በአንጻሩ ዶሮው ጥልቀቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር በሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ እስኪቀመጥ ድረስ የሚቆይበት ጊዜ በሰከንድ የሚያዝበት ፈተና አለ። ይህ በእውነት መለካት ነው። ሁለቱ ዘዴዎች በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ሲሰፍሩ፣ የግሱ ልዩነት ብቻ ለአንባቢ ብዙ ይነግረዋል።

ደረጃዎቹን በቃል ለመግለጽ ሲባል «ሽባ» የሚለውን ቃል ማስገባትም ተለምዷል። ሽባነት የነርቭና የጡንቻ መስነፍ ነው፤ አብዛኞቹ የሥጋ ዶሮዎች ግን ያነክሳሉ እንጂ ሽባ አይደሉም። ሕመም የሚሰማው ያነክሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የሚያነክሱ ዶሮዎች የሕመም ማስታገሻ ካርፕሮፌን የተጨመረበትን መኖ ከጤነኞቹ አብልጠው መርጠዋል፤ ማንከሱ በበረታ መጠንም ከዚያው መኖ የሚበሉት ጨምሯል። «ሽባ» የሚለው ትርጉም ይህን ሕመም ከእይታ ያጠፋዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ቃል አመድ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አጥንቱ ከሥጋው ይጸዳል፣ ስቡ በኬሚካል ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል፤ ከዚያም በምድጃ ውስጥ በ600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቃጠላል። ሥጋ ነክ የሆነው ክፍል ሁሉ ተቃጥሎ ሲሄድ የሚቀረው ነጭ አመድ ካልሲየምና ፎስፌት የበዛበት ማዕድን ነው። የዚህ ቅሪት ክብደት ለደረቁና ስብ ለወጣለት አጥንት ክብደት ተካፍሎ በመቶኛ ይጻፋል። በዚህ መስክ ለረጅም ዘመን የታመነበት መለኪያ ይኸው ነው።

አሁን «የቅልጥም አመድ 45 በመቶ» የሚል ዐረፍተ ነገር በአንድ የዶሮ እርባታ መምሪያ ላይ ተጽፎ እናስብ። በመኖ ንግድ የአጥንት አመድና የአጥንት ዱቄት ራሳቸው ተጨማሪ መኖዎች ናቸው። በመኖ ከረጢት ላይም አመድ ሌላ ትርጉም ይዞ ይገኛል፤ መኖው ቢቃጠል የሚቀረው ማዕድን ማለት ነው። በየቤቱ ደግሞ ዶሮ በአመድ ትታጠባለች። ስለሆነም ያ ዐረፍተ ነገር፣ በመኖው ላይ ይህን ያህል አመድ ጨምር ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ይህ የማይሆን ሥጋት አይደለም፤ ካልሲየም ከልክ በላይ የተጨመረበት መኖ የፎስፈረስን አወሳሰድ ያውካልና፣ አጥንቱን ለማጠንከር የታሰበው ነገር ያላሸዋል። በተጨማሪም በዕለት ንግግራችን አመድ የከንቱነት ምልክት ነው፤ «አመድ ሆነ» ስንል ጠፋ ማለታችን ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ ግን አመዱ ዋናው ነገር ሲሆን የጠፋው ጢሱ ነው። በበኩሌ «አመድ» የሚለው ቃል ይቅር አልልም፤ አጭርና እውነት ነው። ነገር ግን ብቻውን አይቁም፤ «የአጥንቱ የአመድ ድርሻ» ወይም ለገበሬ በሚጻፍ መምሪያ «አጥንቱ ሲቃጠል የሚቀረው ማዕድን» ይባል። ረዘም ይላል፤ ይርዘም።

ስለ ጥንካሬ ያለው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አንድ ቃል ብዙ ሸክም ተጭኖበታል። ጠንካራ ገመድ እንላለን፣ ጠንካራ ድንጋይ እንላለን፣ ጠንካራ ሠራተኛ እንላለን። አጥንት በሁለት መደገፊያዎች ላይ ተጋድሞ ከመካከሉ ሲጫን ግን ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው አጥንቱ የተሰበረበት ኃይል ነው፤ በኒውተን ይጻፋል። ሁለተኛው ያ ኃይል ለአጥንቱ ውፍረትና ለግድግዳው ስፋት ተመዛዝኖ የሚገኘው ነው፤ ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር ይባላል። ሦስተኛው ከመሰበሩ በፊት ለመጉበጥ ያሳየው እምቢታ ነው። አራተኛው እስኪሰበር ድረስ በውስጡ ያስተናገደው ሥራ ነው። አራቱንም «ጥንካሬ» ብሎ መጻፍ፣ ትልቅ ዶሮ ትልቅ አጥንት ስላለው ብቻ ጤነኛ ነው ወደሚል መደምደሚያ ይወስዳል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ቁጥር ከአጥንቱ ግዝፈት ጋር ያድጋል፤ ሁለተኛው ግን የአጥንቱን ጥራት ነው የሚናገረው። የጥንትም ሆነ የዛሬ ባላገር ልምጭንና ደረቅ ጭራሮን ለይቶ ያውቃል። ልምጭ ለመጥ ይላል እንጂ አይሰበርም፤ ጭራሮ አይጎብጥም፣ ግን ቀጭ ይላል። በሪኬትስ የተያዘ ጫጩት አጥንት እንደ ልምጭ ነው። ይህን እያወቅን በአንድ «ጥንካሬ» መታጠራችን አሳፋሪ ነው። ለመጀመሪያው «የመስበሪያ ኃይል»፣ ለሁለተኛው «የመሰበር ውጥረት»፣ ለሦስተኛው «ግትርነት»፣ ለአራተኛው «እስኪሰበር የወሰደው ሥራ» ቢባል ይሻላል። «ጥጥርነት» የሚለው በዚህ ቦታ መግባት የለበትም፤ «ጠጣር» በትምህርት ቤት መጻሕፍት ከፈሳሽና ከጋዝ ጋር የሚነጻጸረው የቁስ ሁኔታ ስም ሆኗልና።

«ውጥረት» የሚለውን ስመርጥ አንድ አደጋ እንዳለበት መጠቆም ይገባል። ምንጩ ቋንቋ «ስትሬስ» የሚለውን ቃል በአጥንቱ ላይ ለሚያርፈው ጫናም፣ በሙቀት ለሚጨነቀው ዶሮም ይጠቀምበታል። «ስትሬን» ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ በአንድ ገጽ ላይ የዶሮው ዝርያ፣ በሚቀጥለው ገጽ አጥንቱ ከርዝመቱ አንጻር የተለወጠበት መጠን ይሆናል። ቃል በቃል የሚሄድ ተርጓሚ «የአጥንት ጭንቀት» እና «የአጥንት ዝርያ» ጽፎ ሊያልፍ ይችላል። ለእንስሳው «ጭንቀት»፣ ለአጥንቱ «ውጥረት» ተብሎ ከተለየ የእኛ ጽሑፍ ከምንጩ ይልቅ ግልጽ ይሆናል።

እፍግታን በሚመለከት ወቀሳው በምንጩ ላይ ነው። በሁለት ዓይነት ጨረር የሚያነሣው መሣሪያ የሚሰጠው ቁጥር «የአጥንት ማዕድን እፍግታ» ይባላል፤ አሐዱ ግን ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። እፍግታ፣ ወይም አንዳንዶች እንደሚሉት ጥግግት፣ ክብደት በይዘት እንጂ በስፋት የሚካፈል አይደለም። መሣሪያው የሚያየው የአጥንቱን ጥላ ነው፤ ወፍራም አጥንት በጥላው ውስጥ ብዙ ማዕድን ስለሚያከማች፣ ሳይታፈግ የታፈገ መስሎ ይታያል። በየሳምንቱ እጥፍ ድርብ በሚያድግ ዶሮ ላይ ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም። በኮምፒዩተር ቶሞግራፊ የሚገኘው ቁጥር ግን ሚሊ ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እፍግታ መባል ይገባዋል። ተርጓሚ የባዕድን ስሕተት በታማኝነት የማስተላለፍ ግዴታ አለበትን? በዚህ ቦታ የለበትም እላለሁ። የመጀመሪያው «በጥላ ስፋት የማዕድን መጠን» ተብሎ ይለይ፤ ምሁራኑ ራሳቸው በግርጌ የሚያስጠነቅቁትን እኛ በስሙ ውስጥ ብናስቀምጠው ማንም አይጎዳም።

ከዚሁ ጋር አንድ ትንሽ ወጥመድ አለ። የአጥንት ክብደት ለርዝመቱ ሲካፈል የሲዶር ጠቋሚ ይባላል፤ ከፍ ሲል አጥንቱ የተሻለ ነው። ርዝመቱ ለክብደቱ ሳልሳዊ ዘር ሲካፈል ደግሞ የግዝፈት ጠቋሚ የሚሉት ይገኛል፤ ይህኛው ዝቅ ሲል ነው አጥንቱ የገዘፈው። «የጥንካሬ ጠቋሚ» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን ወደ ኋላ ይመራዋል። «የቅጥነት ጠቋሚ» ቢባል ስሙና ቁጥሩ አብረው ይሄዳሉ።

የአጥንቶቹን ስም በተመለከተ ቅልጥም ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን በገበታ ላይ ቅልጥም ስንል አጥንቱንም በውስጡ ያለውንም ማለታችን ነው። አመዱ የሚመዘነው የአጥንቱ ስለሆነ ውስጡን «መቅኔ» ብሎ መለየት ግድ ነው። በተጨማሪም በሰው አካል ልማድ የሚያይ አንባቢ፣ በሕይወት ባለ ዶሮ ላይ ቅርፊት ያለበትን ባዶ እግር ቅልጥም ብሎ ሊወስደው ይችላል። ምርመራው የሚካሄድበት አጥንት ግን ከእርሱ በላይ፣ በሥጋ የተሸፈነው ነው። ወደ ኋላ የሚታጠፈው መገጣጠሚያም ጉልበት መስሎ ይታያል እንጂ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ጉልበቱ ላባ ውስጥ ተደብቋል። በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ በመቀመጥ በዚያ መገጣጠሚያ ላይ የሚወጣውን ቁስል «የጉልበት ቁስል» ማለት የተሳሳተ ቦታ ማሳየት ነው።

ስለ በሽታ ስሞች ብዙ የምለው የለኝም፤ በፊደላችን እንዳሉ ቢጻፉ ይበቃል። ምክንያቱም ይለዋወጣሉ። በቅልጥሙ ላይኛ ጫፍ ወደ አጥንትነት ሳይለወጥ የሚከማቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተገለጸው ካርቲሌጅ፣ ቲቢያል ዲስኮንድሮፕላዥያ እየተባለ ይጠራል። «የጭን አጥንት ራስ መሞት» ይባል የነበረው ግን፣ ባክቴሪያ በደም በኩል ወደ ተሰነጣጠቀው ካርቲሌጅ ገብቶ የሚያደርሰው ጉዳት መሆኑ ሲታወቅ ስሙ ተቀይሯል። የቀድሞውን ስም ቃል በቃል አማርኛ ያደረገ ሰው ዛሬ ሁለተኛ መተርጎም ይኖርበታል።

የቀረው የእግር መጣመምን የሚገልጹት የራሳችን ቃላት ጉዳይ ነው፤ ሸፋፋ፣ ወልጋዳ፣ ቆልማማ። ምንጩ ቋንቋ እግር ወደ ውጭ ሲዞርና ወደ ውስጥ ሲዞር በሁለት ስም ይለየዋል። የእኛ ቃላት ከሁለቱ ለየትኛው እንደሚመቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ መወሰን አይገባም። በየአካባቢው ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ሁለቱን ዓይነት ጫጩት እያዩ ምን ብለው እንደሚጠሩት ተጠይቆ ሊመዘገብ ይገባል።