ማሲንቆው የሚተርከው

ስለ ጎጃም አዝማሪ የሚጻፈው አብዛኛው ሐተታ ሰምና ወርቅ ፍለጋ ነው። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅና ደብረ ኤልያስ ባሉበት አገር ጆሮ የሚሞረደው በቅኔ ነው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ ሰምና ወርቅን የአማራ ባህል ቁልፍ ካደረገው ወዲህ ደግሞ ሐያሲው ሁሉ ኅብረ ቃል አዳኝ ሆኗል። አዝማሪው ቅኔ ቤት ሳይገባ የቀረ ባለቅኔ ተደርጎ ይመዘናል፤ ታሪክ ነጋሪነቱም በዚህ ሚዛን ላይ ሳይቀመጥ ይቀራል።

ወራሪው ጣሊያን ግን ይህን ታሪክ ነጋሪነት አልሳተውም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በኋላ የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ አዝማሪዎች ከጠንቋዮች ጋር እየተያዙ እንዲገደሉ ሲያዝ የቃላት ጨዋታቸውን ፈርቶ አይደለም። በየገበያውና በየጠጅ ቤቱ ማን እንደ ተዋጋ፣ ማን እንደ ከዳ የሚያደርሱት እነሱ ነበሩ።

አዝማሪው የሚተርከው በመንቶ ነው። እንደ ለመድነው አነባበብ የመጀመሪያው ስንኝ ቤት መምቻ፣ ሁለተኛው ቁም ነገር ነው። ለፍቅር ግጥም ይህ ይበቃ ይሆናል። ስለ ጎጃሙ አርበኛ ስለ በላይ ዘለቀ የሚዜመውን ግን እንዲህ ያነበበ ግማሹን ይጥለዋል። ለብቻው ተነጥሎ የታየ የመጀመሪያ ስንኝ ስለ ቆላ ማሽላ ወይም ስለ አባይ ሙላት የተባለ ተራ ነገር ይመስላል። ተከታትለው ሲሰሙት መንገዱ ይታያል፦ ከቢቸና ደጋ ወደ አባይ በረሃ ይወረዳል፣ ክረምቱ ይገባል፣ ወንዙ ይሞላል፣ መሻገሪያው ይዘጋል። ሁለተኛዎቹ ስንኞች ሰውየውን በዚያ መንገድ ላይ ያስኬዱታል። በጥር 1937 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ መሰቀሉን የማያውቅ አድማጭ የለም፤ ስለዚህ አዝማሪው ስቅላቱን መተረክ አያስፈልገውም። አገሩን ሲጠራ፣ ጠመንጃውን ሲያነሳ ይበቃል፤ የቀረውን አድማጩ በልቡ ይጨርሰዋል።

በመንቶዎቹ መካከል ማሲንቆው ብቻውን ዜማውን ይደግማል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህችን ፋታ ነው። አንዱ ከጥግ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ታሪኩ በዚህ ጊዜ እጅ ይለውጣል። የቢቸናው ሰው ያወደሰውን የሞጣው ሰው ሊያርመው፣ አንዲት እናት ልትከራከረው ትችላለች። በአንጻሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የቃል ግጥም አጥኚው ሚልማን ፓሪ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ያገኘው ዘፋኝ አቭዶ መጄዶቪች ከ12 ሺህ ስንኝ በላይ የሚሄድ ታሪክ ብቻውን ይዘልቅ ነበር፤ ጉስሌ የሚባለው የዚያ አገር መሣሪያም እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ የጭራ ክር አለው። የእኛ አዝማሪ ይህን ያህል ረጅም ታሪክ አለመያዙን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ አልቀበላቸውም። የእሱ ታሪክ የሚረዝመው በሌላው ሰው አፍ ነው።

ድክመቱን አልሸሽገውም። ግንባሩ ላይ ብር በተለጠፈ ቁጥር ትረካው ተቋርጦ ሙገሳ ይገባል፤ ጥሩ ጥሩ ታሪኮች በዚህ መሃል ሲበተኑ ሰምቻለሁ። ይህ ግን ከጥንትም የነበረ ነው፤ የጎበዝ አዝማሪ ማሲንቆም ወደ ተወው ቦታ ይመልሰዋል። ዛሬ በየባህል ምሽት ቤቱ የሚሠራው ግን ጥፋት ነው። ኪቦርዱ ፋታዋን ይሞላታል፣ ድምፅ ማጉያው ከጥግ የሚሰጠውን ስንኝ ይውጠዋል፣ አዝማሪው ሌሊቱን ሙሉ የራሱን ስንኝ ብቻ እየደጋገመ ያድራል። ባህል ጠበቅን ብለው የሚኩራሩት ቤቶች አድማጩን አፉን ዘግተው አስቀምጠውታል።

የግጥም ሰብሳቢዎቻችንም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደሉም። መንቶዎቹን በርዕስ በርዕስ ለይተው፣ ጀግንነቱን ከፍቅሩ፣ ፍቅሩን ከሐዘኑ ነጥለው ሲያትሙ መንገዱ ይፈርሳል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ለሚቀርጹ ተማሪዎች የምለው ይህን ነው፦ ሌሊቱን ሙሉ ቅረጹ። ስንኙን ማን እንደ ሰጠ፣ ማን እንዳረመው፣ ማሲንቆው ስንት ጊዜ ብቻውን እንደ ዞረ ጻፉ። ቤቱ ሙሉ ያልተቀበለውንም ስንኝ ጻፉት።