«ሃቭ» ሁልጊዜ «-አለሁ» አይደለም
ስለ ፕረዘንት ፐርፌክት አጠቃቀማችንና ስለ አስተራረማችን አጭር ሂስ

የእንግሊዝኛው ፕረዘንት ፐርፌክት ክፍላችን ውስጥ እንዴት እንደሚቀርብ ሁላችንም እናውቃለን። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ሃቭ ወይም ሃዝ፣ ሲደመር ፓስት ፓርቲሲፕል» ብሎ ይጽፋል። ከጎኑ ደግሞ «በልቻለሁ፣ አይቻለሁ፣ ሄጃለሁ» ብሎ በአማርኛ ይፈታዋል። ተማሪው ይገለብጣል፣ ያጠናል፣ ፈተና ላይም ነጥብ ያገኝበታል። ታዲያ ያው ተማሪ ከክፍል ወጥቶ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ወይም የሥራ ማመልከቻ ሲጽፍ፣ ያ ቀመር ሳያስበው ሌላ ነገር ያናግረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማንንም መውቀስ አይደለም። ቀዩ እስክሪብቶ የትኛው ስህተት ላይ ቢጠነክር ይሻላል የሚለውን እንድንነጋገርበት ነው።

በቅድሚያ ለቀመሩ የሚገባውን እንስጠው። ጨርሶ ውሸት አይደለም። «ምሳ ብላ» ሲሉት «በልቻለሁ» የሚል ሰው፣ በእንግሊዝኛም «አይ ሃቭ ኢትን» ቢል ልክ ነው። «ካርዴ ጠፍቷል» እና «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ካርድ» እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ካርዱ እስካሁን አልተገኘም ይላሉ። ብዙዎቻችን የምናስተምርበት የሬይመንድ መርፊ «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ» (መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው) ትምህርቱን ቁልፍ በጠፋበት ሰው መጀመሩም ለዚሁ ነው። ጥሩ አጀማመር ነው። ችግሩ የሚመጣው ቁልፉን ትተን ስለ ኑሮ ማውራት ስንጀምር ነው።

አንድ ሰው ኡም ራኩባ ተቀምጦ «ሁመራ አሥር ዓመት ኖሬአለሁ» ቢል፣ አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ይረዳዋል፤ ድሮ ነው፣ አሁን እዚህ ነው። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር በሰሌዳው ቀመር ቢመልሰው «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ሁመራ ፎር ቴን ይርስ» ይሆናል። ሰዋስዉ እንከን የለውም፤ የትኛውም ፈታኝ ነጥብ አይቀንስበትም። ነገር ግን እንግሊዝኛው የሚለው «እነሆ አሥር ዓመት ሆነኝ፣ አሁንም ሁመራ ነኝ» ነው። ስደተኛ ነኝ ብሎ የቀረበ ሰው እንዲህ ሲናገር ጠያቂው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ትክክለኛው «አይ ሊቭድ» ነው፤ ያለ «ሃቭ»።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። ስላለንበት ቦታ ስንናገር በአማርኛ «ከመጣሁ አምስት ዓመቴ ነው» ወይም «አምስት ዓመት ሆነኝ» እንላለን። በትግርኛ «ሓሙሽተ ዓመት ገይረ» ይባላል፤ ቃል በቃል ቢፈታ «አምስት ዓመት አድርጌ» ነው። ገበያ ላይ የምንሰማው የሱዳን ዓረብኛም «ለእኔ እዚህ አምስት ዓመት» እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ከሦስቱ ቋንቋዎች አንዱም በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛው «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» አያደርስም። ስለዚህ ተማሪው አንዴ «አይ ሃቭ ፋይቭ ይርስ ሂር»፣ አንዴ «አይ ሊቭ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ግን ሰሚው ይገባዋል። ሰሚውን የሚያሳስተው ሦስተኛው ነው፦ «አይ ሊቭድ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ»። ይህ «አምስት ዓመት ኖሬ ነበር፣ አሁን ለቅቄያለሁ» እንደ ማለት ይሰማል። በሥራ ማመልከቻም እንደዚሁ ነው። «አይ ቶት ፎር ቴን ይርስ» ያለ መምህር ማስተማር አቁሟል። «አይ ሃቭ ቶት» ያለው ግን ዛሬም ጠመኔ ይዟል።

ሌላው አደገኛ ቦታ «ጎን» እና «ቢን» ናቸው። «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ካርቱም» ማለት ሄዷል፣ አልተመለሰም ነው። «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ካርቱም» ግን ደርሶ ተመልሷል፣ ወይም ሄዶ ያውቃል ነው። አማርኛችን ለዚህ ልዩነት የሚያገለግል መልካም መሣሪያ አለው፦ «ሄዷል» እና «ሄዶ ያውቃል»። መጽሐፉን ከመግለጣችን በፊት እነዚህን ሁለቱን ብናነጻጽር ትምህርቱ በአሥር ደቂቃ ይገባል። ልዩነቱም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ፣ ወንድሙ «ጎን» የተባለለትና «ቢን» የተባለለት ሰው ጭንቀታቸው አንድ አይደለም። የጠፋ ዘመድ የሚያፈላልግ ሰው ፎርም ሲሞላ በአንዲት ቃል የወንድሙን አድራሻ ያሳስታል።

ከሰዋስው ጋር ተጣብቆ የሚመጣ አንድ ወጥመድም አለ፤ እሱም የዘመን አቆጣጠራችን ነው። «ሲንስ» የሚለው ቃል መነሻ ጊዜ ይፈልጋል። ተማሪውም «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ሱዳን ሲንስ 2013» ብሎ ይጽፋል። «ሃቭ» በቦታው ነው፣ «ሲንስ» በቦታው ነው፤ መምህሩም የልክ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ነገር ግን የእኛ ኅዳር 2013 ለፈረንጁ ኖቬምበር 2020 ነው። አንባቢው ሰውየው በሰባት ዓመት ቀድሞ ሱዳን የገባ ይመስለዋል። «ጦርነቱ የተነሳው በ2020 ነው፤ አንተ በ2013 እዚህ ምን ትሠራ ነበር?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ መልሱ ከሰዋስው መጽሐፍ አይገኝም። ስለዚህ «ሲንስ»ን የሚያስተምር መምህር አብሮ ይህን ያስተምር፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይደመራል።

ታዲያ ቀዩ እስክሪብቶ አሁን የሚበረታው የት ነው? ብዙውን ጊዜ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ላይ ነው። እርግጥ ነው፣ በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለት ስለሚቻል ተማሪዎቻችን ይህን ስህተት ደጋግመው ይሠራሉ፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሃቭ» እና «የስተርደይ» አብረው አይሄዱም። መታረም አለበት። ነገር ግን የሰማው ሰው ሁሉ መልእክቱን ተረድቶታል፤ ትናንት ታይቷል። ደግሞ «ሃቭ»ን በመተው ረገድ እንግሊዞቹና አሜሪካኖቹ ራሳቸው አንድ አይደሉም። እንግሊዙ «አይ ሃቭ ኦልሬዲ ኢትን» የሚለውን አሜሪካዊው «አይ ኦልሬዲ ኤት» ቢል ማንም አይገርመውም። ጆሮን የሚቆረቁር ስህተትና ሰውን የሚያሳስት ስህተት እኩል ነጥብ ሊያስቀንሱ አይገባም። እንዲያውም የሁመራው ዓረፍተ ነገር ሙሉ ነጥብ አግኝቶ የትናንቱ ዜሮ ሲያገኝ፣ ሚዛናችን ተገልብጧል ማለት ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት መልመጃችን ይመስለኛል። ከክፍል ክፍል ፎቶ ኮፒ እየተደረጉ የሚዞሩት ወረቀቶች ባዶ ቦታ ሙሉ ይላሉ፤ በየዓረፍተ ነገሩም «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ»፣ «የት»፣ «የስተርደይ» የሚል ጠቋሚ ቃል ተቀምጧል። ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ማንበብ አያስፈልገውም፤ ጠቋሚዋን ፈልጎ ይሞላል። በኑሮ ውስጥ ግን ጠቋሚ ቃል የሚያቀብል የለም። ተናጋሪው ራሱ «ነገሩ አብቅቷል ወይስ እስከ ዛሬ ቀጥሏል?» ብሎ መወሰን አለበት። የመርፊም መጽሐፍ ለብቻ የሚያጠና ተማሪ ጥሩ ጓደኛ ነው፣ መልሱም ከኋላ አለ። ነገር ግን ለዓለም ሁሉ የተጻፈ ስለሆነ የአማርኛና የትግርኛ ተናጋሪ የት እንደሚሰናከል አይነግረንም። ያ የእኛ የመምህራኑ ሥራ ነው።

የሚሻለውን ለመጠቆም ያህል፦ እያንዳንዱ ተማሪ ስለ ራሱ ስድስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ሦስቱ ስላበቃ ነገር፣ ሦስቱ እስከ ዛሬ ስለቀጠለ ነገር። ከዚያ ለጓደኛው ያንብብ። ጓደኛውም ሰዋስዉን ትቶ «አሁን የት ነህ? አሁንም ትሠራለህ?» ለሚሉት ጥያቄዎች ከሰማው ብቻ ተነስቶ ይመልስ። ከተሳሳተ፣ ዓረፍተ ነገሩ ይታረማል። በንግግርም ጊዜ «አይቭ ሊቭድ» ብሎ ማሳጠሩ ይቅር። ያቺ የ«ቭ» ድምፅ ከተዋጠች የሚቀረው «አይ ሊቭድ» ስለሆነ፣ በቃለ መጠይቅ ላይ «አይ ሃቭ» ብሎ ሙሉውን መናገር ያዋጣል። ከተቻለም አንድ ዓረፍተ ነገር ማከል ነው፦ «አይ ስቲል ሊቭ ሂር»። አሁንም እዚሁ ነኝ ማለት ነው፤ ይህን ማንም አያሳስተውም።

ፈተና ያለፈ ተማሪ ማየት ደስ ይላል። ስለ ራሱ የተናገረው ነገር ልክ እሱ እንዳሰበው የተሰማለት ተማሪ ግን የበለጠ ደስ ይላል። በዚህ ላይ የተለየ ልምድ ያላችሁ መምህራን ብትጽፉልን በሚቀጥለው እትም እንወያይበታለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።