ሰው ሠራሽ ሌንስን በዐይን ውስጥ ስለ ማጽናት፤ ዘዴዎቹና መመዘኛቸው

የዐይን ሞራ በአገራችን የዕውርነት ዋና ምክንያት ነው። በ2005 እና በ2006 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዐይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ መሆኑን አስረድቷል። መድኀኒቱ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ማስገባት ነው። ይህንንም በመጀመሪያ የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በ1949 ለንደን ላይ ነበር።

አዲሱ ሌንስ ዘወትር የሚቀመጠው በተፈጥሮው ሌንስ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱ ከተቀደደ ወይም አንጠልጥለው የያዙት ቀጫጭን ክሮች ከላሉ ግን ማረፊያ ያጣል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ የሞራ ቀዶ ሕክምና ከሚጠብቁ ኢትዮጵያውያን ከዐሥሩ አራት ያህሉ ሱዶኤክስፎልየሽን የተባለው በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ይህ በሽታ በሌንሱ ላይ ነጭ ብናኝ ያከማቻል፥ ክሮቹንም ያደክማል።

እንግዲህ ከረጢቱ ሲከዳ ሌንሱ በምን ይጽና? የታወቁት መንገዶች አራት ናቸው። አንደኛው ሌንሱን ከአይሪስ ፊት ማኖር ነው፤ ሥራው ፈጣን ቢሆንም ውሎ አድሮ ኮርኒያን ሊጐዳ ይችላል። ሁለተኛው በዐይኑ ነጭ ክፍል ላይ በክር መስፋት ነው፤ ለዚህ የተለመደው ቀጭን የፖሊፕሮፒሊን ክር ግን ከዓመታት በኋላ ሊበጠስ ይችላል። ሦስተኛው የሆላንዱ ሐኪም ያን ዎርስት የፈለሰፉት ነው፤ ሌንሱ አይሪስን እንደ ጥፍር ቈንጥጦ ይይዛል። አራተኛውን ጃፓናዊው ሺን ያማኔና ባልደረቦቻቸው በ2017 አሳትመውታል። የሌንሱ ሁለት እግሮች በቀጭን መርፌ በነጩ ክፍል ውስጥ ካለፉ በኋላ ጫፋቸው በሙቀት ቀልጦ እንደ ሚስማር ራስ ያብጣል፤ ክርም ሙጫም አይሻም።

የአሜሪካ የዐይን ሕክምና አካዳሚ በ2020 ባወጣው ግምገማ ከእነዚህ አንዱ ከሌላው እንደሚበልጥ አላገኘም። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለእኛ አይበቃም። እንዲህ ያሉ ምርመራዎች የሚመዝኑት የማየትን ኀይልና የጕዳቱን ብዛት ነው፤ በሽተኛው ለምርመራ ተመልሶ ይመጣል ብለውም ያስባሉ። አሶሳ ግን ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከሸርቆሌ ወይም ከካማሺ የመጣ ገበሬ ክሩ ቢበጠስበት ማን ይጠግንለታል? ወደ ኋላ የወደቀ ሌንስ የሚያወጣ የሬቲና ሐኪም በአብዛኛው የሚገኘው በዋና ከተማው ነው። ስለዚህ «ሲበላሽ በቅርብ ይጠገናልን?» የሚለው መመዘኛ መጨመር አለበት።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የያማኔ ዘዴ ውብ ቢሆንም የተለየ ሌንስና ረዥም ልምምድ ይጠይቃል። የቈንጣጩ ሌንስ ዋና ነውር ተብሎ የሚነቀፈው ሰፊ ቀዳዳ መሻቱ ነው። ይህ ነቀፌታ ግን የተነሣው በመሣሪያ በጠባብ ቀዳዳ ከሚሠራበት አገር ነው። ሞራው በእጅ በሚወጣበት ቀዶ ሕክምና ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ አስቀድሞ ተከፍቷልና ነቀፌታው እዚህ ኀይል የለውም። አንዱ ወገን ቢላቀቅም መልሶ ማስያዝ ይቻላል።

አይሪሱ ጤናማ ለሆነ በሽተኛ እንግዲህ ቈንጣጩ ሌንስ በአሶሳ ይመረጣል ብለን እናምናለን። አይሪሱ ለተጐዳ ግን በዚያው ዕለት ሌንስ ለማስገባት መታገል አይገባም። ቍስሉን በደኅና ዘግቶ፥ ወፍራም መነጽር ሰጥቶ ወደ ባለሙያ መላክ ለበሽተኛው ይሻለዋል።